እናቷን አይተሽ ቡችላዋን ውሰጂ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰመር ሲገባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ገሚሱ ስለ ውሻ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይዘጋባቸዋል ወላጅም ጭቅጭቁ ሲበዛበት እጅ ይሰጣል። ዘንድሮ ሶስቱን መረጥኩ፣ አንዷ ከሜሪላንድ አንዷ ከለንደን አንዱ ደሞ ከአዲስ አበባ፣ አገራቸው ይለያይ እንጂ ሶስቱም የሚጠይቁት ያው ነው፣ ቡችላ ከመግዛታችን በፊት ሄደን ምኑን እንይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን ከረምክ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፣ 12 እና 9 ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሻ ውሻ እያሉ አዞሩኝ። እኔ ደሴ ነው ያደግኩት፣ እኛ ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሶፋ ላይ አይወጣም፣ እናቴማ በስልክ ስትሰማ "ውሻ ቤት አግብተሽ የት ልትጸልዪ ነው" ብላ አማተበች። ብቻ ተሸነፍኩ። ባለቤቴ ፔንሲልቬንያ ያለ ጎልደን ሪትሪቨር የሚያረባ ሰው ኢንተርኔት ላይ አገኘ፣ 1,800 ዶላር ነው የሚለው። ሲያወሩት በጣም ትሁት ሰው ነው፣ "ሶስት ብቻ ናቸው የቀሩት፣ 500 ዶላር ቀብድ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላኩልኝና ልያዝላችሁ፣ እዚህ ድረስ አትድከሙ ባልቲሞር አካባቢ አንድ ፓርኪንግ ላይ አመጣላችኋለሁ" አለ። ባለቤቴ ደስ ብሎታል የኔ ሆድ ግን እምቢ አለ። መሄድ ግድ ነው ወይ? ብሄድስ ውሻ ከመፍራት በቀር የማላውቅ ሰው ምኑን ነው የማየው?

መልስ፦ የኔ እህት ሆድሽን ስሚው። ሰውየው መልካም ሰው ሊሆን ይችላል አላውቀውም፣ ግን መንገድ ላይ ላምጣላችሁ የሚል ሰው ያራቀሽ ከድካም ሳይሆን ከቤቱ ሊሆን ይችላል፣ ምን አለ ቤቱ ውስጥ ማለት አለብሽ።

ይሄን የምልሽ ቀምሼው ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ እዚህ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ሰውዬ፣ እኔው ራሴ ከዓመታት በፊት ለልጄ ልደት ብዬ ነዳጅ ማደያ ጓሮ ከመኪና ኋላ ቡችላ ተቀብያለሁ። ቸኩዬ ነበር፣ ልደቱ እሁድ ነው ቡችላው ደሞ ያምራል። ቅዳሜ ወሰድነው ማክሰኞ ማስታወክ ጀመረ፣ ተቅማጡ ደም ሆነ፣ ፓርቮ ነው፣ ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ። አርብ ለሊት ሞተ። ፓርቮ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ስለሚፈጅ እኔ ቤት የያዘው ሳይሆን ይዞት የመጣ ነው የሚመስለው፣ ለሰውየው ብደውል ስልኩ ተዘግቷል፣ አድራሻውን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ፣ ነዳጅ ማደያ? ልጄ አሁን ኮሌጅ ጨርሳለች ይሄን ስታነሳብኝ ግን ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚ ሂጂ። የምትሄጂው ግን ቡችላ ልትመርጪ አደለም። የሰባት ሳምንት ቡችላ ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ጣትሽን ይልሳል፣ ከሱ ብዙ ነገር አታነቢም። "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" የሚባለው ለትዳር ነው ግን እኔ ከውሻ በላይ የሚሠራበት ቦታ አላየሁም። እናትየዋን ስታዪ ቡችላሽ ሁለት ዓመት ሲሞላው ምን ሊመስል እንደሚችል እያየሽ ነው፣ መጠኑን፣ ፀባዩን፣ አረማመዱን። ሰው ስትፈራ የኖረች እናት ልጆቿም ፈሪ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፣ በዘርም ይወርሱታል፣ ከስሯ ሆነው ስትደነግጥ እያዩም ይማሩታል።

ከመሄድሽ በፊት ስልክ ላይ የሚያልቅ ነገር አለ እሱን ጨርሺ። የእናትና የአባትየውን ሙሉ የምዝገባ ስም ጠይቂው። ኦ.ኤፍ.ኤ የሚባል የእንስሳት አጥንትና ሌሎች ምርመራዎችን የሚመዘግብ ድርጅት አለ፣ ዌብሳይቱ ላይ ስሙን ስታስገቢ ውጤቱን በነፃ ታያለሽ። ለጎልደን አራት ነገር ነው የሚፈለገው፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ልብ እና ዓይን። ጎልደን በዳሌ መላላት የታወቀ ዘር ነው፣ በሶስት ዓመቱ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ውሻ በሳምንት አንዴ ክሊኒክ አያለሁ ማለት ይቻላል። የዳሌው የመጨረሻ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ደሞ ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፣ ስለዚህ የ18 ወር እናት ይዞ "ሰርተፊኬት አላት" ካለሽ እዛው ላይ ውይይቱ አልቋል። "ቬት አይቷቸዋል ጤነኛ ናቸው" የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሐኪም በስቴቶስኮፕ ሁለት ደቂቃ አዳመጣቸው ማለት ነው፣ ክፉ አደለም ግን ምርመራ አይባልም። የኤ.ኬ.ሲ (የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ ክለብ) ወረቀትም እንደዛው፣ እሱን እንደ ልደት ሰርተፊኬት ቁጠሪው፣ ማን ከማን እንደተወለደ ይናገራል ጤናውን አይናገርም፣ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሲያይ ይፈዛል።

ሌላ ደሞ ፔንሲልቬንያ ስለሆነ የሚጠቅምሽ፣ እዛ በዓመት 26 እና ከዛ በላይ ውሻ የሚይዝ ወይም የሚሸጥ ሰው የስቴቱ የኬነል (የውሻ ማርቢያ) ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ኢንስፔክተር ይሄድበታል፣ ሪፖርቱም የስቴቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ድረገጽ ላይ ይፈለጋል። ስሙን አስገብተሽ አንብቢ። ላንካስተር ካውንቲ አካባቢ ከሆነ ደሞ አረንጓዴው እርሻ የፈረስ ጋሪው ነጭ አጥሩ እንዳያታልልሽ፣ አገሩ ውብ ነው፣ ደህና አርቢም ሞልቶታል፣ ግን ውሻን እንደ ዶሮ በገፍ የሚያረባም እዛው አለ፣ ከመንገዱ ላይ ሆነሽ ደሞ አንዱን ካንዱ አትለዪውም።

አሁን ሂጂ። ልጆቹን ትተሽ፣ ገንዘብም ሳትይዢ። ይሄንን ጠበቅ አድርጌ ነው የምልሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ከሄድሽ አለቀ፣ አንዷን አቅፈው "ማሚ ፕሊስ" ካሉ በኋላ የትኛዋ እናት ናት አረ ይቅር የምትለው፣ ባዶ እጅሽን ለመመለስ ተዘጋጅተሽ ነው መሄድ ያለብሽ።

ስትገቢ መጀመሪያ አፍንጫሽን ነው የምትጠቀሚው። ቡችላ ይሸናል ያራል፣ ጠዋት ቡና ሲፈላ ከደረስሽ ትንሽ ሽታ መኖሩ አይገርምም፣ ግን ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለ እዛ ቤት ጽዳት ከተረሳ ሰንብቷል ማለት ነው። የት ነው የሚተኙት በይ፣ አሳዩኝ በይ። ሳሎን አምጥቶ ካሳየሽና የተወለዱበትን ክፍል ካላሳየሽ ተጠራጠሪ። ኩሽና አጠገብ፣ ሰው በሚመላለስበት፣ የቫኪዩም ድምፅ የልጅ ጫጫታ እየሰሙ ያደጉ ቡችሎች ጎተራ ውስጥ ካደጉት ጋር አይገናኙም፣ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ውሻ ዓለም ምን እንደምትመስል የሚማርበት ጊዜ ነው፣ ያኔ ያላየውን ነገር በኋላ ሊፈራው ይችላል፣ ከዛ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ደሞ የሚያልፈው አንቺ ቤት ሳይሆን እሱ ቤት ነው።

እናትየዋ ጋ ስትደርሺ አትቸኩዪ። ቁጭ በይና እሷ ወደ አንቺ ትምጣ። ከስታ ፀጉሯ ረግፎ ብታያት አትደንግጪ፣ ስምንት ዘጠኝ ቡችላ ያጠባች እናት እንደዛ ነው የምትመስለው፣ እኛም ሴቶቻችንን በአራስነት ካላረስናቸው ማን ይወፍራል። የምታዪው ዓይኗን ነው፣ ባለቤቷ ሲጠራት ጅራቷን እየቆላች ትሄዳለች ወይስ ታጎነብሳለች? እጁን ሲያነሳ ትሸሻለች? ባለቤቷን የምትፈራ ውሻ ካየሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። አባትየው እዛ ከሌለ ግን ክፉ ምልክት አደለም፣ እንዲያውም ብዙ ጥሩ አርቢ አባቱን ከሌላ ስቴት አጥንቶ ነው የሚያመጣው፣ ጎረቤት ያለውን ወንድ ስለቀረበው ብቻ አያስጠቃም። ስንተኛ ወሊዷ ነው በይው፣ ስንት ዓይነት ዘር ነው የምትሸጡት በይው፣ አምስት ዓይነት ካለ ያ ሱቅ ነው።

ከዛ ሰውየውን እዪው። እኔ እንደውም ከሁሉም በላይ ይሄን ነው የማምነው፣ እሱ ይጠይቅሻል ወይ? ቤታችሁ ግቢ አለው ወይ፣ ቀን ማን ቤት ይውላል፣ ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ ወይ እያለ እንደ አማት ካደረቀሽ ደስ ይበልሽ፣ ለቡችሎቹ የሚጨነቅ ሰው ነው። የካርድ ማሽኑን ብቻ ካወጣ ግን ውሻ ይሁን ፍሪጅ የሚሸጠው ለሱ አንድ ነው። ሳያሳይሽ ቀብድ አትላኪ፣ ዜል ደሞ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።

ጫማ አውልቂ ቢልሽ እጅሽን ታጠቢ ቢልሽ አትቀየሚ፣ እኛ እንኳን ጫማ ማውለቅ አይገርመንም፣ የፓርቮ ቫይረስ በጫማም ይዞራል፣ መሬት ላይ ወራት ይቆያል። በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን ሁለት አርቢ ጋ አትሂጂ። ቡችሎቹ አራት አምስት ሳምንት እስኪሞላቸው እንግዳ አላስገባም፣ እስከዛ በቪዲዮ ላሳይሽ የሚልም አለ፣ እሱ ጥንቃቄ ነው፣ ጭራሽ አትምጪ ከሚለው ጋር አንድ አታድርጊው።

ቡችሎቹን ራሳቸውን በአምስት ደቂቃ ታልፊያቸዋለሽ፣ ዓይናቸው ንጹሕ፣ ቂጣቸው ደረቅ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ያልተነፋ ይሁን፣ የተነፋ ሆድ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ጥግ ተሸጉጣ አንጀትሽን የምትበላ አንዲት ቡችላ አትጠፋም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ የምታሳድጊ ሰው ነሽና እሷን ተያት፣ አውቃለሁ ጭካኔ ይመስላል።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይኑር። አንደኛ በማንኛውም ዕድሜው ማሳደግ ብትቸገሩ ውሻውን መልሶ እንደሚወስድ። ሁለተኛ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው እንደማይሰጥሽ፣ ቡችላ ሲነክስ ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው ከወንድምና እህቶቹ ጋር እየተናከሰ ነው፣ ቶሎ የተነጠለ የ9 ዓመቷ ልጅሽ እጅ ላይ ይማራል። በፔንሲልቬንያ ሕግ ፈቃድ ካለው ሻጭ ከገዛሽ በ10 ቀን ውስጥ ሐኪም ታሟል ብሎ ካረጋገጠ፣ በዘር የመጣ ጉድለት ከሆነ ደሞ በ30 ቀን ውስጥ፣ ሻጩን የመጠየቅ መብት አለሽ፣ ስለዚህ በወሰድሽው በሁለት ሶስት ቀን ሐኪም ጋ አድርሺው። ጥሩ አርቢ ጋ ዋጋው ካልሽው ከፍ ሊል ይችላል፣ ወረፋም አለ፣ ስድስት ወር ጠብቂ ቢሉሽ ሁለት ዓመት የጠበቁ ልጆች ይሄንንም ይችላሉ።

ለእናትሽ ደሞ ጃንሆይም ሉሉ የሚሉት ትንሽ ውሻ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበራቸው በያት፣ ባትረካም ወሬ ይሆናታል።

ጥያቄ፦ ዶክተር ለንደን ነው የምኖረው። ኮካፑ (የኮከርና የፑድል ድቅል) ቡችላ ላይ ሄጄ ነበር፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ሴትየዋም ጥሩ ናት፣ እናትየዋ የታለች ስላት ግን "ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቬት ጋ ናት" አለችኝ። ቡችላዋን በጣም ወድጃታለሁ፣ ልመን?

መልስ፦ አትመኚ። አንቺ ያለሽበት እንግሊዝ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ የሉሲ ሕግ የሚሉት አለ፣ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ነግጄ ልሽጥ የሚል ሰው ራሱ ያረባው መሆን አለበት፣ በደላላ መሸጥ ቀርቷል፣ ቡችላዋንም በተወለደችበት ቦታ ከእናቷ ጋር ሊያሳይሽ ይገባል። እናትየዋ እውነት ታማ ከሆነ ችግር የለውም፣ ስትመለስ ጥሪኝና እመጣለሁ በያት፣ እውነተኛ ሰው በዚህ አይቆጣም። ስትመለሺ ደሞ አንዷን ሴት ውሻ አምጥታ "ይቺት" ብትልሽ ጡቷን እዪ፣ የምታጠባ እናት ጡቷ ወርዶ ወተት ይዞ ነው የሚታየው፣ ቡችሎቹም ሲያዩዋት ተንጋግተው ይሄዱባታል። ሆዷ እንደ ኮረዳ ውሻ ጥብቅ ብሎ ቡችሎቹም ዞር ብለው ካላዩዋት ለትያትሩ የተዋሰቻት ናት። ያኔ አንቺ ትተሽ መውጣት ብቻ ሳይሆን ለአካባቢሽ ካውንስል ንገሪ። "ካልወሰድኳት ማን ያድናታል" የሚለው ሐሳብ እንደሚመጣብሽ አውቃለሁ፣ ግን ያንን ገንዘብ ስትከፍዪ የምታድኚው ነጋዴዋን ነው፣ የታሰረችው እናት በሚቀጥለው ዙር ድጋሚ ትወልዳለች።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው፣ አዲስ አበባ አያት አካባቢ ነው ያለሁት፣ ቤት ሠርተን ገባን ሌባ አስቸገረን። ጀርመን ሸፐርድ ፈልጌ ነበር። አንዱ ሻጭ በካርቶን አድርጎ ቤትህ ድረስ አመጣለሁ፣ ንጹህ ዘር ነው፣ 45 ቀኑ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባትም ወስዷል አለኝ። ሌላው ጋ ሄጄ አየሁ፣ እናትየዋ በሰንሰለት ታስራ እኔን ልትበላኝ ደረሰች፣ ሰውየው "አየህ ጭካኔዋን፣ ልጇ ሌባ አያስቆምም" አለኝ። የቱ ይሻለኛል? ጆሮውንስ ላስቆርጠው ወይ፣ የቡችሎቹ ጆሮ የወደቀ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱም ይቅሩብህ።

የካርቶኑን ሰውዬ በቀላሉ እንጨርሰው። 45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ተኩል ነው፣ ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው፣ ገና እናቱ ጋ አስራ አንድ ቀን ይቀረዋል። የእብድ ውሻ ክትባት ደሞ በተለመደው አሠራር ሶስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው የሚሰጠው፣ የ45 ቀን ቡችላ ወስዷል ካለህ ወይ ዕድሜው ዋሽቷል ወይ ክትባቱ። ካርዱን አምጣ በለው፣ የክትባቱ ስቲከር፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ከሌለበት ባዶ ወረቀት ነው። በዚህ አትቀልድ፣ በኛ አገር ሰው በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞተው በአብዛኛው ከውሻ ንክሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ ስታይ ጥርሱ ቢበጣህ እንኳ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበውና ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ቡችላ ነው ብለህ አትተወው።

ሁለተኛው ጋ መሄድህ ጥሩ አደረግክ፣ አየህ አይደል ሄደህ ስታይ ምን እንደምታገኝ። ያየኸው ግን ጭካኔ አይመስለኝም፣ ፍርሃት ይመስለኛል። ቀን ከሌት የታሰረ ውሻ መሸሻ ስለሌለው ነው የሚዘለው፣ ፍታው ብትለው ምናልባት አልጋ ስር ይገባል። በርግጥ የምታጠባ እናት እንግዳ ላይ ማጉረምረሟ ያለ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቷ ከቡችሎቹ ራቅ አድርጎ ግቢ ውስጥ ይያዛትና ትንሽ ቆይ፣ ጌታዋ ከሰው ጋር በሰላም ሲያወራ ካየች በኋላ ከረጋች ጥሩ ናት። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ሌባንና የአክስትህን ልጅ መለየት መቻል አለበት፣ ሁሉንም ካልነከስኩ የሚል ውሻ ይዘህ በዓል ማክበር አትችልም፣ በኋላ አንተም ታስረዋለህ እሱም እንደ እናቱ ይሆናል።

አሜሪካ ላለችው እህታችን የነገርኳት ዓይነት የዳሌ ሰርተፊኬት እዛ ከሻጭ እጅ ታገኛለህ ብዬ አልሸነግልህም፣ ጀርመን ሸፐርድ ግን በዳሌ ችግር ከጎልደን አይሻልም። በሱ ፈንታ ዓይንህን ተጠቀም፣ እናትየዋ ስትነሳ ስትሮጥ ደረጃ ስትወጣ እይ፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች ወይ ሁለቱን ባንዴ እንደ ጥንቸል እያነሳች ከሮጠች ተወው። ከዛ ደሞ አገራችን ላይ ከወረቀት የሚሻል ነገር አለ፣ "ካለፈው ወሊድ የገዛ ሰው አገናኘኝ" በለው። ሁለት ዓመት የሆነውን ወንድሙን ሂድና ግቢ ውስጥ እየው፣ ባለቤቱን ቡና እየጠጣህ ጠይቀው፣ ሻጩ ማንንም ላገናኝህ አልችልም ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ለምን የግድ የፈረንጅ ውሻ እንደሆነም አልገባኝም። ጎረቤትህ ያለችው የሀበሻ ውሻ፣ ሰፈሩን ሁሉ የምታውቀው፣ ማታ ኮሽ ሲል ቀድማ የምትጮኸው፣ እሷ ስትወልድ አንዱን ለምነህ ውሰድ፣ እናትየዋን በየቀኑ ታያታለህ፣ ከዚህ በላይ ማጣራት የለም፣ ብርድና ዝናቡንም ትችለዋለች፣ ክትባቱን ግን እንዳትዘልለው።

ጆሮውን አታስቆርጥ። ጀርመን ሸፐርድ ጆሮው ተቆርጦ አደለም የሚቆመው፣ ራሱ ነው የሚቆመው፣ አንዳንዱ በሁለት ወሩ ይቆማል አንዳንዱ ጥርስ ሲቀይር ወደቅ ብሎ እስከ አምስት ስድስት ወሩ ይቆያል፣ ቁረጥልኝ ብለህ ለሰው ከሰጠኸው ግን የተቆረጠው ተመልሶ አይቀጠልም።